ጂፕ ራንግለር ቲጄን በአራት ጎማው ከሞተርሆም ጀርባ ማስጎተት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጎታቹ በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የተሠራ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ መኖሪያ የሆነ ትልቅ መኪና ነው። ተጎታቹ የ2004 ጂፕ ራንግለር ቲጄ፤ 4.0 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ኤንቪ231 ትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ሣጥን)። ሐሳቡ ጂፑን ጋሪ ላይ ሳይጭኑ አራቱም ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ መጎተት ነው። ጋሪ የራሱ ክብደት አለው፣ ሲደረስም የሚያስቀምጡት ቦታ ይፈልጋል። የፊት ጎማዎችን ብቻ የሚያነሳው ዶሊ ደግሞ ለፎር ዊል መኪና አይመችም፤ የኋላ ፕሮፔለር ሻፍት ካልተፈታ መሬት የቀሩት ጎማዎች ትራንስፈር ኬዙን እያዞሩ ይሄዳሉ።

ብረት ገጥሞ መጎተት የዚህ ሥራ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ነገር ከኋላ ባለው መኪና ውስጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ፍሬን ይዞ ቢቀር፣ ጎማ ቢተነፍስ፣ ማርሽ ቢገባ የሚሰማው የለም። ከ6 ቶን በላይ የሚገፋ ሞተር ትንሽ ቢከብደው ሾፌሩ ዳገት ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ሲመረጥ «ይህ ቢበላሽ ፊት የተቀመጠው ሰው በምን ያውቃል?» ተብሎ ተጠይቋል።

ሥራ 1፦ መኪናው ይጎተታል ወይ?

ፎር ዊል የሆነ ሁሉ በአራት ጎማው አይጎተትም። የሚፈለገው ትራንስፈር ኬዙ ላይ እውነተኛ ፎሌ መኖሩ ነው፤ ማለትም ከካምቢዮ የሚመጣውን ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚወጡት ዘንጎች ጨርሶ የሚለይ ቦታ። የኤንቪ231 መለወጫ 2ኤች (ሁለት ጎማ)፣ 4ኤች (አራት ጎማ)፣ ኤን (ፎሌ)፣ 4ኤል (አራት ጎማ በዝቅተኛ ማርሽ) በሚል ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ የምንፈልገው ኤንን ነው። ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ የሚነዱና ፎሌ የሌላቸው መኪኖች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ አይጎተቱም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተር ጠፍቶ ጎማዎቹ የካምቢዮውን ውስጥ ካዞሩት ኩሽኔታውም ክላቹም ያለ ቅባት ይፋጫል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ «በአራት ጎማ አይጎተትም» ካለ ክርክር የለም፣ እዚያው ላይ ማቆም ነው።

ኤንቪ231 ለዚህ ሥራ የሚመቸው የራሱ ፓምፕ ስላለውና ፓምፑም በኋለኛው የውጪ ዘንግ ላይ ስለተቀመጠ ነው። የኋላ ጎማ እስከዞረ ድረስ ትራንስፈር ኬዙ ራሱን ይቀባል፤ ኤን ላይም ቢሆን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካምቢዮው ላይ ነው። ትራንስፈር ኬዙ ፎሌ ከሆነ ካምቢዮውም ፎሌ ይሁን ማለት ትክክል ይመስላል፤ አይደለም። ኤን ላይም ቢሆን የዘይቱ መጓተት የካምቢዮውን ዘንግ ቀስ እያለ ሊያዞረው ይችላል፣ ያ ዘንግ ደግሞ ቅባት የለውም። ስለዚህ አውቶማቲኩ ፓርክ ላይ ይሆናል። ፍሪሲዮን ያለው (ማንዋል) ካምቢዮ ከሆነ ማርሽ ውስጥ ይቀመጣል። የጂፕ መመሪያም የሚያዘው ይህንኑ ነው። ሌላ መኪና ሌላ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል የራሱን መጽሐፍ ማየት ግድ ነው።

ኤን ሳይገባ ወይም መንገድ ላይ ሾልኮ ቢወጣ ምን ይሆናል? ፓርክ ላይ ያለው አውቶማቲክ የመቆለፊያ ጥርሱን ይሰብራል ወይም ጎማ ያስይዛል። ፍሪሲዮን ባለው ደግሞ ሂሳቡ ያስደነግጣል፦ 4ኤል 2.72፣ አንደኛ ማርሽ 4 ገደማ፣ ዲፈረንሻል 3.73፤ ሲባዛ ከ40 በላይ ነው። በ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት 76 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ በደቂቃ 630 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ ከ25,000 ዙር በላይ ተጠየቀ ማለት ነው። ያን ያህል ሳይደርስ ገና ይበታተናል።

ሥራ 2፦ ሚዛን

ሁለቱም መኪኖች ለጉዞ እንደሚነሱ ተሞልተው ተመዘኑ፤ ነዳጅ፣ ውሃ፣ ጋዝ፣ ሰው፣ ዕቃ ሁሉ ይዘው። ባዶ ክብደት እዚህ ምንም አይጠቅምም።

ሞተርሆሙ 6,350 ኪሎ ወጣው፤ የሻንሲው ጣሪያ 6,577 ነው። ለጎታችና ተጎታች በአንድ ላይ የተፈቀደው 9,979 ኪሎ ስለሆነ ለጂፑ 3,629 ይቀራል። ግን የሞተርሆሙ መጎተቻ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 2,268 ይላል። ሁለቱን መኪኖች የሚያገናኘው ባለ ሁለት ክንድ ብረት፣ ቶው ባሩ፣ 2,722 ይችላል። ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው የሚገዛው፤ 2,268። ጂፑ ከነጣሪያው፣ ከነመለዋወጫ ጎማውና ከነመሣሪያው 1,690 ሆነ። ይበቃል፣ ትርፍም አለው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይታመንም። የሞተርሆም ሠሪዎች ሻንሲውን ወደ ኋላ የሚያስረዝሙት ብረት በመበየድ ነው፤ መጎተቻው የሚንጠለጠለውም በዚያ ተጨማሪ ብረት ላይ ነው። ብየዳው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ በመብራት ታየ፣ መሰንጠቅ የለም። ዝገት ያበጠበት ወይም ቀለሙ በመስመር የተላጠበት ብየዳ ካለ መጀመሪያ እሱ ይሠራል።

ሥራ 3፦ ትራንስፈር ኬዙና መለወጫው

ዘይቱ ወጣ። ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው፤ ጠቁሯል፣ የብረት ብናኝ ግን የለበትም። አዲስ ሲሞላ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ ከላይኛው ቡሽ ቀዳዳ እስኪፈስ ነው፤ አንድ ሊትር ገደማ ይወስዳል። መጠኑ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ ነው መፍሰስ የማይናቀው። የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ቢያንጠባጥብ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ጠብታ ይታያል፣ ሲጎተት ግን ሻንሲው ስር ተረጭቶ ይጠፋል፤ ፓምፑም አየር መሳብ ሲጀምር የሚናገር መብራት የለውም። እዚህ ፓራኦሊዮው እርጥብ ስለነበር ተለወጠ። ሻፍቱ ከወጣ ዘንድ ክሮቸራዎቹም (የሻፍቱ መታጠፊያ መገጣጠሚያዎች) ተፈተሹ፤ ሁለቱም ሻፍቶች ሲጎተት ሙሉ ጊዜ ይዞራሉ። ቲጄ የፊት ጎማ መፍቻ ሃብ ስለሌለው የፊቱም አይቀርለትም።

መለወጫው ላይ ችግር ተገኘ። ዘንጉ በትክክል ኤን የሚለው ጽሑፍ ላይ ሲቆም ትራንስፈር ኬዙ ራሱ ገና ወደ ኤን አልደረሰም። የማገናኛው ፕላስቲክ ቦኮላ ተበልቷል፤ በዚህ ላይ ሻንሲና ቦዲ አንጻራቸውን ትንሽ ሲቀይሩ ልዩነቱ ይሰፋል። ቦዲው ከሻንሲው ከፍ የተደረገ ቲጄ ላይ ይህ ይብሳል። ቦኮላው ተለወጠና ማስተካከያው ላልቶ፣ የትራንስፈር ኬዙ ክንድ በእጅ ኤን ላይ ተደርጎ፣ ዘንጉ ከዚያ ጋር ተስማምቶ ታሰረ።

ከዚያ የኤን ፈተና ተደረገ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተር እየሠራ፣ ካምቢዮው ሪቨርስ ገብቶ እግር ከፍሬን ለ5 ሰከንድ ተነሳ፤ ምንም እንቅስቃሴ የለም። ድራይቭ ላይ ተደገመ፤ የለም። ይህ ፈተና በየማያያዙ ይደገማል። አንዴ ስለተስተካከለ መተው አይቻልም።

ሥራ 4፦ መሪና የፊት እግር

ሲጎተት መሪውን የሚያዞረው ሰው ሳይሆን መንገዱ ነው። የፊት ጎማዎች ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዳለ ትንሽ ጎማ ከኋላ ተከትለው ይስተካከላሉ። ልቅ ነገር ካለ ግን መከተሉን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ሙሉ አክስል ባላቸው ጂፖች ላይ ይህ መንቀጥቀጥ የታወቀ ነው፣ ሾፌር በሌለበት ደግሞ ፍጥነት የሚቀንስለት የለም።

ሞተር ጠፍቶ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ሲያወዛውዝ ሌላው ከስር ሆኖ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች)፣ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ከሻንሲው ጋር የሚይዘውን የትራክ ባር ሁለት ጫፎችና የመሪ አሞርዛተሩን በእጁ ይዞ አየ። የትራክ ባሩ የሻንሲ በኩል ጫፍ ይንቀሳቀሳል። ተለወጠ። የጎማ አቅጣጫም ተስተካከለ። አሞርዛተር ብቻ ለውጦ መንቀጥቀጡን መሸፈን የተለመደ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ ከዚያ ይመለሳል።

የቲጄ ቁልፍ ጥሩ ጎን አለው፦ መሪውን የማይቆልፍ ግን ኤሌክትሪክ የማይከፍት ቦታ አለ፤ ኦፍ። ስለዚህ ሲጎተት ባትሪ አይበላም። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን አክሰሰሪ ላይ መተው የሚያስገድዱ መኪኖች ላይ ግን ሬዲዮውም ሌላውም ባትሪ ይጨርሳል።

ሥራ 5፦ ቤዝ ፕሌት

ፓራውርቱ ወጣ። ቶው ባሩ የሚያያዝበት የጂፑ መያዣ፣ ቤዝ ፕሌቱ፣ ለቲጄ የተሠራ ስለሆነ በሻንሲው ጫፍ ያሉትን የፋብሪካ ቀዳዳዎች ይጠቀማል፤ በየጎኑ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ግን መብሳት አስፈልጓል። ከመብሳት በፊት የሻንሲው ውስጥ በሽቦና በመብራት ታየ፤ ቲጄ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፣ ከላይ ጤነኛ የሚመስል ብረት መዶሻ ሲነካው ይጎደጉዳል። ይህኛው ደህና ነው።

ሻንሲው ውስጡ ባዶ ሣጥን ስለሆነ ቡሎን ወዲያና ወዲህ አሳልፎ ማጥበቅ ግድግዳውን ያጨማድደዋል። ያኔ ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፣ ብረቱ ሲረጋ ግን ይላላል። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ልክ በወርዱ የተቆረጠ የብረት ቱቦ ገብቶ ቡሎኑ በእሱ ውስጥ አለፈ። ቡሎኖቹ 12 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬያቸው 10.9፤ ዳዶው ተቆላፊ፣ ሮንዴላው ወፍራም። መጀመሪያ ሁሉም በእጅ፣ ቤዝ ፕሌቱ መሃል መሆኑ ከተለካ በኋላ በቶርክ ሬንች 115 ኒውተን ሜትር። ከቤዝ ፕሌቱ ጋር የመጣው ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ገዢው እሱ ነው። በእያንዳንዱ ዳዶና ቡሎን ላይ በቀለም አንድ መስመር ተሰመረ፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፣ ቁልፍ ሳይያዝ በዓይን ይታያል።

ፓራውርት ላይ ብቻ የሚታሰር የቶው ባር መያዣም አለ። ረግረግ ላይ የተያዘ መኪና ለማውጣት ይሆን ይሆናል፣ ለረጅም መንገድ ግን ፓራውርቱ የሻንሲው አካል አይደለም።

ሥራ 6፦ ቁመት

የሞተርሆሙ መጎተቻ መሃል ከመሬት 48 ሴንቲ ሜትር፣ የጂፑ ቤዝ ፕሌት ፒን 61። የ13 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብዙ ነው። ቶው ባሩ ወደ ጂፑ ሽቅብ ሲያዘነብል፣ ሞተርሆሙ ፍሬን ሲይዝ የሚመጣው ግፊት በብረቱ በኩል የጂፑን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሳዋል። የተነሳ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም ያጣል። 10 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ማገናኛ ተገባ፤ የቀረው 3 ሴንቲ ሜትር ነው። የማገናኛው አቅምም በሰንሰለቱ ውስጥ ይቆጠራል፣ ከ2,268 ማነስ የለበትም።

ማገናኛ በጨመረ ቁጥር ክፍተትም ይጨምራል። በመጎተቻው 50.8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ክፍተት በየፍሬኑ ይንኳኳል፣ ቀዳዳውንም እንቁላል ቅርጽ ያደርገዋል። የማጥበቂያ ክላምፕ ታሰረበት።

የደህንነት ኬብሎቹ ከቶው ባሩ ስር ተሻግረው ታሰሩ፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ባሩ ቢወድቅ አልጋ ሆነው ይይዙታል። ርዝመታቸው ሙሉ መታጠፊያ ላይ እንዳይወጠሩ፣ ቀጥታ ላይ ደግሞ መሬት እንዳይነኩ ነው።

ሥራ 7፦ መብራት

በዚህ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው። የጂፑ የኋላ መብራት የሞተርሆሙን ፖዚሽን፣ ፍሬቻና ፍሬን መከተል አለበት፤ የጂፑ የራሱ ኤሌክትሪክ ደግሞ እንደነበረ መቆየት አለበት።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዳዮድ ነው፦ የሞተርሆሙ ሽቦ በዳዮድ በኩል ከጂፑ ሽቦ ጋር ይገናኛል፣ ዳዮዱም ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርጋል። 0.7 ቮልት ስለሚበላ መብራቱ ትንሽ ይደበዝዛል። ሁለተኛው በመብራቱ ቤት ውስጥ ሌላ አምፖል መጨመር ነው፤ የጂፑ ሽቦ ጨርሶ አይነካም። የቲጄ የኋላ መብራት ቤት ሰፊ ስለሆነ ሁለተኛው ተመረጠ። ቀዳዳው ከአምፖሉ መያዣ ጎማ በጥቂቱ ጠብቦ ተበሳ፤ ውሃ ከገባ መያዣው በአንድ ዝናብ ወራት ይበላሻል።

ሽቦ በቀለም አይታመንም። ቡናማ በአንዱ አሠራር የሁለቱም ጎን ፖዚሽን ነው፣ በሌላው የቀኙ ብቻ፤ ነጭ ግን በሁለቱም መሬት (ኔጋቲቭ) ነው። እያንዳንዱ ፒን በመፈተሻ መብራት ተለይቶ ወረቀት ላይ ተጻፈ። የዚህ ሞተርሆም ፍሬንና ፍሬቻ በአንድ ሽቦ ይመጣሉ፣ የቲጄውም እንደዚያው ቀይ ስለሆነ ተስማሙ። ፍሬቻው በተለየ ብርቱካናማ አምፖል የሚሠራ መኪና ቢሆን መለያያ ሣጥን ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወጥመዱ። በሚቀጥለው ሥራ የሚገጠመው የፍሬን ሣጥን የጂፑን ፔዳል ይረግጣል። ፔዳል ሲረገጥ የጂፑ የራሱ ፍሬን መብራት ይበራል። በአንድ ቀይ መስታወት ውስጥ አንዱ አምፖል ሳያቋርጥ ሲበራ የጎኑ ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ማለቱ አይታይም። ፍሬን ይዞ የሚታጠፍ ሞተርሆም፣ ማለትም ፍሬቻ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ከኋላ ፍሬቻ የለውም።

መፍትሔው ሪሌ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በእግር 30 እና 87ኤ በኩል የጂፑ ፍሬን መብራት ሽቦ ያልፋል፤ ኮይሉ ኤሌክትሪክ አግኝቶ ሪሌው ሲነሳ ይቋረጣል። የሚቋረጠው ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ከፍሬን ፔዳሉ ስዊች ወደ ካምቢዮ መቆለፊያና ወደ ሌላ የሚሄደው አይነካም። የሪሌውን ኮይል ከየት እንደሚመግቡት ግን ይታሰብ። ለጂፑ ባትሪ ከሚመጣው የቻርጅ ሽቦ ላይ መውሰድ ቀላል ይመስላል፤ ያ ሽቦ ግን ሌላ ጫፉ የጂፑ ባትሪ ላይ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎም ኮይሉ ከባትሪው ይመገባል፣ ጂፑም ለብቻው ሲነዳ ፍሬን መብራት አይኖረውም። ስለዚህ ኮይሉ የራሱ ፒን ተሰጠው፣ ሞተርሆሙ በኩል ከቁልፍ በኋላ ካለ መስመር በ3 አምፔር ፊውዝ።

ባለ 7 ፒኑ ሶኬት እንዲህ ተከፋፈለ፦ መሬት፣ ፖዚሽን፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቻርጅ፣ የሪሌ ኮይል፣ የፍሬን መከታተያ (ሥራ 8 ላይ ይመጣል)። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሞተርሆሙ ላይ ለኤሌክትሪክ ፍሬንና ለሪቨርስ መብራት የነበሩ ናቸው፤ ከነባር ሽቦአቸው ተነጥለዋል። ሶኬቱ አጠገብ «ለጂፑ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ሌላ ተሳቢ ቢሰካበት ግራ የሚጋባው ብዙ ነው።

የቻርጅ ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ መሬቱም እንዲሁ። ርዝመቱ ደርሶ መልስ 24 ሜትር ያህል ሲሆን ተቃውሞው 0.17 ኦም ይሆናል። በ5 አምፔር 0.84 ቮልት ይወድቃል፤ ከ14.2 ላይ 13.4 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው፣ ባትሪውን ለመጠበቅ በቂ ነው። በሁለቱም ጫፍ 10 አምፔር ፊውዝ። ሁለቱም ጫፍ የሚባለው ሁለቱም ጫፍ ላይ ባትሪ ስላለ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ፊውዝ ያለው ሽቦ መሃል ላይ ቢላጥ ከሌላው በኩል ይነድዳል።

ሥራ 8፦ ፍሬን

1,690 ኪሎ በሞተርሆሙ ክብደት ላይ ከአንድ አራተኛ በላይ ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሁሉ በሞተርሆሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ አገር ይህን ዓይነት መጎተት ራሱን አይፈቅድም፣ አንዳንዱ ከተወሰነ ክብደት በላይ ፍሬን ያስገድዳል። ሕግ ባያስገድድም በዚህ ክብደት ያለ ፍሬን መጎተት ስህተት ነው።

የተመረጠው በወንበሩና በፔዳሉ መካከል የሚቀመጥ ሣጥን ነው። ሞተርሆሙ ፍጥነት ሲቀንስ ውስጡ ያለው መለኪያ ያውቃል፣ ክንዱም ፔዳሉን ይገፋል። በቋሚነት የሚገጠም የተሻለ ነው የሚሉ አሉ፤ በየጊዜው አለማስገባቱ ጥሩ ነው። ሣጥኑ ግን ሲበላሽ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይታያል።

ሲገጠም ምንጣፉ ወጣ፣ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ይንሸራተታል። ወንበሩ ወደ ፊት መጥቶ የሣጥኑን ጀርባ ደገፈ፤ ወንበሩ የቆመበት ጥርስ በቀለም ምልክት ተደረገበት።

የማስተካከያው ምስጢር የፍሬን ቡስተሩ፣ በሞተሩ ቫኪዩም ፔዳሉን የሚያቀልለው ዕቃ ነው። ሞተር ከጠፋ በኋላ በቡስተሩ ውስጥ ለጥቂት ርግጫ የሚሆን ቫኪዩም ይቀራል። በዚህ ጊዜ ከተስተካከለ ፔዳሉ ለስላሳ ነው፣ ሣጥኑም ትንሽ ኃይል ይበቃዋል ተብሎ ይተዋል፤ መንገድ ላይ ቫኪዩሙ ሲያልቅ ግን ፔዳሉ ይደርቃል፣ ፍሬኑም አይዝም። ተገላቢጦሹም አለ፦ በደረቅ ፔዳል ተስተካክሎ፣ ሞተር ተነስቶ ጠፍቶ ወዲያው ከተነዳ የመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ጎማ ያስይዛሉ። የኤን ፈተናው ሞተር ስለሚያስነሳ ይህ በየማያያዙ ይከሰታል። ስለዚህ ከፈተናው በኋላ ፔዳሉ እስኪደርቅ 5 ጊዜ ያህል ይረገጣል፣ ሣጥኑ የሚገባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

ለሣጥኑ ኤሌክትሪክ ከጂፑ ባትሪ በቀጥታ በ15 አምፔር ፊውዝ መጣ። ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ የሚሞት ሶኬት ላይ የተሰካ የፍሬን ሣጥን ጌጥ ነው።

ጂፑ ከሞተርሆሙ ቢለይ ፍሬኑን የሚያሲዘው ብሬክአዌይ ስዊች ቤዝ ፕሌቱ ላይ ታሰረ። ኬብሉ የሚያያዘው ከሞተርሆሙ ብረት ጋር ለብቻው ነው፤ ከቶው ባሩ ማገናኛ ወይም ከፒኑ ጋር ከታሰረ ማገናኛው ሲወጣ አብሮ ይወጣና ስዊቹ አይሳብም። ፒኑ በእጅ ተስቦ ተፈተነ፤ ፔዳሉ ወረደ፣ እዚያው ያዘ፣ ጂፑ በሰው ግፊት አልተነቃነቀም።

የፍሬን መከታተያው ሽቦ ከሪሌው በፊት፣ ከስዊቹ ላይ ተወስዶ ሞተርሆሙ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ያበራል። ፍሬን ሲያዝ ከበራች ሣጥኑ ሠርቷል። ፍሬን ሳይያዝ ከበራች ጂፑ ፍሬኑን ይዞ እየተጎተተ ነው። ለዚች መብራት ሲባል ነው ሰባተኛው ፒን የወጣው፤ ከሁሉም ዕቃ ርካሹና ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሷ ናት። በአራቱም ጎማ ላይ የንፋስ መለኪያ ተገጠመ፤ ርቀቱ ረጅም ስለሆነ ምልክቱን የሚያስተላልፍ ማጠናከሪያም ሞተርሆሙ ጭራ ላይ ታሰረ። የኋላ ካሜራው የጂፑን የፊት ጎማዎች እንዲያሳይ ወደ ታች ተደረገ።

ሥራ 9፦ የሙከራ ጉዞ

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ቀጥታ፣ የቶው ባሩ ሁለት ክንዶች ተዘርግተው እስኪቆለፉ። ቆሞ፣ ወርዶ፣ ሁለቱም መቆለፋቸው በእጅ ታየ። ከዚያ ሙሉ ግራና ሙሉ ቀኝ መታጠፍ። የሞተርሆሙ ጭራ ከኋላ ጎማው ብዙ ስለሚረዝም መታጠፊያው ላይ መጎተቻው ወደ ውጭ ይወረወራል፤ የቶው ባሩ ክንድና የፓራውርቱ ጥግ 6 ሴንቲ ሜትር ቀርቷቸዋል። ከዚያ በላይ መጠምዘዝ የለም።

ሪቨርስ የለም። ሁለት ሜትርም ቢሆን የፊት ጎማዎቹ ወደ አንዱ ጎን ተጠምዝዘው ይቀራሉ፣ ክብደቱ በሙሉ በአንድ ክንድ ላይ ያርፋል፣ የሚጎብጠውም ቶው ባሩ ወይም ቤዝ ፕሌቱ ነው። መንገድ ከተዘጋ ይፈታል።

በደረቅ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ፍሬን ተያዘ፤ የሣጥኑ ኃይል ከዝቅተኛው ጀምሮ እየተጨመረ፣ የጂፑ ጎማ ሳይያዝ ሞተርሆሙን ሲገፋ እስከማይሰማ ድረስ።

ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ሙቀት በኢንፍራሬድ ተለካ። የፊት ሁለቱ 36 እና 37 ዲግሪ፣ ቀኝ ኋላ ከበሮ 38፣ ግራ ኋላ 71። ከጥንዱ 30 ዲግሪ የበለጠ ጎማ ፍሬኑን አልለቀቀም። ከበሮው ተከፈተ፤ የግራው የእጅ ፍሬን ኬብል ቱቦው ውስጥ ዝጎ ሲለቀቅ አይመለስም። በመንዳት ጊዜ ሽታ ይሰጥ ነበር፤ ሲጎተት ግን ፋሻው አልቆ ግራሶው እስኪቀጣጠል የሚያሳውቅ የለም። ኬብሉ ተለወጠ፣ ሁለተኛው ልኬት 41 እና 39 ሆነ። ትራንስፈር ኬዙ 52፣ ያለ ችግር።

የማያያዝና የመፍታት ቅደም ተከተል

ወረቀቱ የጂፑ መሪ ላይ ይንጠለጠላል።

ሲያያዝ፦ ደልዳላ ቦታ፤ ጎማ ስር ታኮ። ቶው ባሩ ተገጥሞ ፒኖቹ ከነኮፒሊያቸው፣ ኬብሎቹ፣ የብሬክአዌይ ኬብሉ፣ ሶኬቱ። ከዚያ ትራንስፈር ኬዙ ኤን፣ የሪቨርስና የድራይቭ ፈተና፣ ሞተር ማጥፋት፣ ካምቢዮ ፓርክ፣ ቁልፍ ኦፍ፣ መሪው በእጅ ግራና ቀኝ መዞሩን ማየት። ፔዳሉን አድርቆ የፍሬን ሣጥን። የእጅ ፍሬን መልቀቅ፣ መብራቶቹን በሁለት ሰው ማየት፣ ታኮ ማንሳት።

ሲፈታ ከሁሉ በፊት ታኮ። ትራንስፈር ኬዙ ኤን ላይ እስካለ ድረስ ፓርክ መኪናውን አይይዝም፤ ካምቢዮው ተቆልፏል፣ ጎማዎቹ ግን ከሱ ጋር አልተገናኙም። ቶው ባሩን የፈታ ሰው በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆሞ ጂፑ የሚንከባለልበት አጋጣሚ ይህ ነው። ታኮ፣ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ሣጥኑን ማውጣት፣ ትራንስፈር ኬዙን ወደ 2ኤች መመለስ፣ ካምቢዮው ድራይቭ ላይ ሆኖ ጂፑ ለመሄድ ሲገፋ 2ኤች መያዙን ማረጋገጥ። ቶው ባሩ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። ክንዶቹ ተወጥረው ፒኑ እንቢ ካለ በመዶሻ አይመታም፤ ሞተርሆሙ አንድ ስንዝር ወደ ፊት ወይም ጂፑ መሪው ተስተካክሎ ትንሽ ሲነቃነቅ ራሱ ይላላል።

የቀረ

ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የቤዝ ፕሌቱ ቡሎኖች በቶርክ ሬንች እንደገና ታዩ፤ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ሄደው ያዙ፣ አዲስ መስመር ተሰመረባቸው። የኦዶሜትሩ ቁጥር ቁልፍ ኦፍ ላይ ስለማይቆጥር የትራንስፈር ኬዙ ዘይት በጂፑ ኪሎ ሜትር ብቻ አይሰላም፤ የተጎተተበት ርቀት ከሞተርሆሙ ተወስዶ በተለየ ደብተር ይጻፋል፣ የዘይት ለውጡም በሁለቱ ድምር ነው። በየረጅሙ ዕረፍት አራቱ ጎማዎችና ከበሮዎቹ በኢንፍራሬድ ይታያሉ፣ የኋላ ፓራኦሊዮው በጣት ይነካል።